ገጸ ባሕርያችሁን ከጨለማው አውጡልን፦ ለልብ ወለድ ደራስያን፣ ለአርታዕያንና ለአሳታሚዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለልብ ወለድ ደራስያን፣ ለአርታዕያንና ለአሳታሚዎች፤

በያላችሁበት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ይህን ደብዳቤ በተለይ የምጽፈው በአሁኑ ሰዓት ዓይነ ስውር ገጸ ባሕርይ ያለበት ረቂቅ ይዞ ለተቀመጠ ሰው ነው። ማን እንደሆነ አላውቅም። መኖሩን ግን አልጠራጠርም፤ እንዲህ ያለ ረቂቅ የያዘ ደራሲ ከዓለም ጠፍቶ አያውቅምና። ስለ ማወቅና አለማወቅ፣ ስለሚታየውና በምናብ ስለሚሣለው ሊጽፍ የተነሣ ሰው ቀድሞ የሚያንኳኳው የእኛን በር ነው። ማንኳኳቱ ደስ ይለኛል። ቅር የሚለኝ በሩ ተከፍቶለት ሳለ ሳይገባ፣ ደጅ እንደቆመ ስለ ቤቱ መጻፉ ነው።

እኔ ስወለድ ጀምሮ የማላይ አንባቢ ነኝ። ልብ ወለድ በጣቴም በጆሮዬም አነባለሁ፤ ምርጫ ካገኘሁ በጣቴ ይሻለኛል፤ በመካከላችን የሌላ ሰው ድምፅ አይገባምና። ይህን መናገሬ ቀጥሎ የምለውን ከየት ሆኜ እንደምለው እንድታውቁልኝ ብቻ ነው። የምጠይቃችሁም አንድ ነገር ነው፦ ዓይነ ስውር ሰው ስትጽፉ ያለውን ጻፉለት። የጎደለውንማ ሁሉም ጽፎታል። የእኛ ዓለም ዕይታ ተቀንሶበት የቀረ ትርፍራፊ አይደለም፤ የራሱ ስፋት፣ የራሱ ርቀት፣ የራሱ ስሕተት ያለው ሙሉ ዓለም ነው፤ የደራሲ ምናብ መድከም ያለበትም እዚያ ላይ ነው።

በጨለማው ልጀምር።

«በዘላለማዊ ጨለማ ተዋጠ»፣ «ጥቁር መጋረጃ ወረደበት»፣ «ከጨለማው ዓለሙ ሆኖ እንዲህ አለ»። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሲያጋጥመኝ ደራሲው ስለ እኔ ሳይሆን መብራት ስለ ጠፋበት ዓይናማ እየጻፈ መሆኑን አውቃለሁ። ጨለማ የዓይን ስሜት ነው፤ የሚያይ ዓይን ብርሃን ሲያጣ የሚያየው ነገር ነው። እስቲ አሁን ከራስ ቅላችሁ በስተኋላ ያለውን ስፍራ ልብ በሉት። ጥቁር ነው? ጥቁር አይደለም፤ ነጭም አይደለም፤ እዚያ ዓይን ስለሌለ ጨለማም የለም። ለእኔ የፊት ለፊቴም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሲወለድ ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆነ ገጸ ባሕርይ «ጨለማው አስጨነቀኝ» ሲል ሳነብ ደራሲው የራሱን ፍርሃት በሌላ ሰው አፍ እየተናገረ እንደሆነ ይገባኛል።

ከዚያም በላይ ዓይነ ስውርነት አንድ ዓይነት አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ዓይነ ስውር የሚባለው በተሻለው ዓይኑ ያለው ዕይታ ከ3/60 በታች የሆነ ሰው ነው፤ ጤናማ ዓይን ከ60 ሜትር የሚለየውን ምልክት በ3 ሜትር እንኳ መለየት የማይችል ማለት ነው። ከዚህ መስመር በታች ብርሃንና ጥላን የሚለይ አለ፤ የእጅ እንቅስቃሴን የሚያይ አለ፤ ምንም የማያይ አለ። ግላኮማ የተባለው የዓይን በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ዕይታን ከዳር እየበላ ይመጣል፤ ሰውየው መሐል ላይ በቀረችው ጠባብ ክፍተት ደብዳቤ እያነበበ ከበር መቃን ጋር ሊጋጭ ይችላል። በእርጅና የሚመጣው የሬቲና (በዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) መሐል መጎዳት ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ መንገዱን ሳትጋጭ የምትሄድ ሴት የልጇን ፊት መለየት ያቅታታል። እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ቤት ቢኖሩ ምን ዓይነት ጭቅጭቅ፣ ምን ዓይነት መረዳዳት ይወጣቸው ነበር? እስካሁን ያነበብኩት ሰው የለም።

አርጀንቲናዊው ደራሲ ሆርሄ ሉዊስ ቦርሄስ በ1955 የአገሩ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ዳይሬክተር ሆኖ ሲሾም መጻሕፍቱን ማንበብ የማይችልበት ደረጃ ደርሶ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1977 ስለ ዓይነ ስውርነቱ ባደረገው ንግግር ሰዎች የሚገምቱትን ጥቁር ዓለም እንዳላገኘው፣ እንዲያውም የናፈቀው ጥቁር ቀለም እንደሆነ ተናገረ። ጨለማ ክፍል ውስጥ መተኛት የለመደው ሰው በአረንጓዴና በሰማያዊ መካከል ባለ፣ ደብዘዝ ባለ ጉም ውስጥ እንቅልፍ መፈለግ ነበረበት። ቀይ ጠፍቶበታል፤ ቢጫ ግን አልከዳውም። እንዲህ ያለ ዝርዝር ከምናብ ብቻ አይወለድም፤ ወይ ኖሮ ወይ ጠይቆ የሚገኝ ነው።

ሌላም ልጨምር። በ1760 የጄኔቫው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሻርል ቦኔ የአያቱን ሁኔታ ጻፈ። ሽማግሌው በዓይን ሞራ ምክንያት ዕይታቸው ደክሟል፤ አእምሯቸው ግን ፍጹም ጤናማ ነው። ሆኖም ሰዎች፣ ወፎች፣ ሠረገላዎች፣ ሕንጻዎች በፊታቸው ይመጣሉ፤ አንዳንዴ እየተለቁ፣ አንዳንዴ እያነሱ ይሄዳሉ። ሽማግሌው እውን አለመሆናቸውን ያውቃሉ፤ ትርኢቱንም በጸጥታ ይመለከታሉ። ዛሬ ይህ ሁኔታ በቦኔ ስም ይጠራል፤ ዕይታቸውን ባጡ ሰዎች ላይ የተለመደ ነው። ብዙዎቹ ግን «አበደ» እንዳይባሉ ፈርተው ለሐኪማቸውም ለቤተሰባቸውም አይናገሩም። ልብ በሉልኝ፦ ያጡት ዕይታቸውን ነው፤ ምስሉ ግን አልቀረም። የሚያዩትን እንዳያምኑ ያውቃሉ፤ ማየታቸውን እንዳይናገሩ ይፈራሉ። ስለ ዕይታና ምናብ ልብ ወለድ እጽፋለሁ ያለ ሰው ይህን ትቶ ስለ ጥቁር መጋረጃ ሲጽፍ ያናድደኛል።

ዓይንን በጨርቅ አስሮ ቤት ውስጥ እየተደናበሩ «ምርምር» ማድረግም አለ። ደራስያን በቃለ መጠይቅ ላይ በኩራት ሲናገሩት ሰምቻለሁ። አንድ ሰዓት የታሰረ ዓይን የሚያስተምረው የመጀመሪያዋን ሰዓት ነው፤ ድንጋጤዋን፣ መጋጨቷን፣ የውኃ ብርጭቆ መገልበጧን። እኔ ያቺን ሰዓት ኖሬባት አላውቅም። በኋላ ዕይታቸውን ያጡትም ኖረው አልፈዋታል። በ2015 የታተመ፣ ዋና ተመራማሪዋ ራሷ ዓይነ ስውር የሆነችበት የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው ዓይናቸውን ታስረው ሥራ የሞከሩ ሰዎች ካልሞከሩት ይልቅ ዓይነ ስውራን ሥራ ለመሥራትና ራሳቸውን ችለው ለመኖር ያላቸውን ችሎታ ዝቅ አድርገው ገምተዋል። ጨርቁ ያስተማራቸው የራሳቸውን አለመልመድ ነው፤ ያንን ወስደው በእኛ ላይ ጻፉት።

የጨለማው ግልባጭ ደግሞ ተአምረኛው ዓይነ ስውር ነው። ዓይኑ ስለጠፋ ጆሮው ተስሎ ከግድግዳ ማዶ የልብ ምት የሚሰማ፣ ውሸትን በማሽተት የሚለይ፣ ጥበብ ከአፉ የማይጠፋ። ይህ ሽማግሌ በስንት ልብ ወለድ ውስጥ ተቀምጦ ዓይናማውን ጀግና ሲመክር እንደኖረ! የራሱ ጉዳይ የለውም፤ አይቀናም፤ ዕዳ የለበትም፤ ሆዱን አይቆርጠውም።

እውነቱ ግን ከተአምሩ ይበልጥ እንግዳ ነው፤ እዚህ ላይ ቆይታ ላድርግ።

ለረጅም ዘመን ብዙ ዓይነ ስውራን ግድግዳ ሲቀርቡ ፊታቸው ላይ እንደሚሰማቸው ይናገሩ ነበር። ግንባራቸውን፣ ጉንጫቸውን አንዳች ነገር ጫን የሚላቸው ይመስላቸዋል። ምሁራንም «የፊት ዕይታ» የሚል ስም አወጡለት፤ ከቆዳ ነው፣ ከአየር ግፊት ነው እያሉ ተከራከሩበት። በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሦስት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ አንዱ ራሱ ዓይነ ስውር፣ ነገሩን ፈትነው ውጤቱን በ1944 አሳተሙ። ሁለት ዓይነ ስውራንና ዓይናቸው የታሰረ ሁለት ዓይናማዎች በአዳራሽ ውስጥ ወደ ግድግዳ እንዲራመዱ፣ ግድግዳው መጀመሪያ ሲታወቃቸው እንዲናገሩ፣ ሊነኩት ሲደርሱ እንዲቆሙ ተደረገ። ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፍ ላይ በካልሲ ሲሄዱ ችሎታቸው ቀነሰ። ፊታቸው በወፍራም ጨርቅ ሲሸፈን ግን ግድግዳውን ማወቃቸው አልቀረም። ከዚያ ጆሯቸው ተደፈነ። ያኔ በየሙከራው ከግድግዳው ጋር ተላተሙ።

በዚህም አላበቁም። ተፈታኙን ድምፅ በማያስገባ ሌላ ክፍል አስቀመጡት። ተመራማሪው ማይክሮፎን ይዞ በአዳራሹ ወደ ግድግዳው ሲራመድ ኮቴው በማዳመጫ እንዲሰማው አደረጉ። ሰውየው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ በሌላ ሰው እግር፣ በሌላ ክፍል ያለ ግድግዳ ሲቀርብ አወቀ።

እስቲ ይህን እንደ ደራሲ አስቡት። እነዚህ ሰዎች ግድግዳውን ማወቃቸው እውነት ነው፤ በምን እንዳወቁት የሚናገሩት ግን ስሕተት ነው። የገዛ ጆሯቸው የነገራቸውን ጉንጫቸው የነገራቸው መስሏቸው ኖረዋል። ሰው የሚያውቀውን በምን እንዳወቀው ላያውቅ ይችላል ማለት ነው፤ ይህም የዓይነ ስውራን ጉዳይ ብቻ አይደለም። እናንተም በየዓይናችሁ አንድ ምንም የማያይ ነጥብ አላችሁ፤ የዕይታ ነርቩ ከዓይን ኳስ የሚወጣበት ቦታ ላይ። ፈረንሳዊው ኤድም ማርዮት በ17ኛው መቶ ዘመን እስኪያሳየው ድረስ ጉድለቱን ልብ ያለው አልነበረም፤ አእምሮ በዙሪያው ካለው እየቀዳ ይሞላዋልና። ከምታዩት ከፊሉን የምትፈጥሩት ራሳችሁ ናችሁ። በአንደኛ መደብ የሚተርክ ዓይነ ስውር ገጸ ባሕርይ ብትጽፉልኝ፣ እንዴት እንዳወቀ በሙሉ እምነት እየተሳሳተ ቢነግረኝ፣ መጽሐፉን ሳልጨርስ አልተኛም።

ከዚህ ሙከራ ሌላም የምወድለት ነገር አለ። ሁለቱ ዓይናማዎችም በልምምድ ግድግዳውን ማወቅ ቻሉ። ስለዚህ ከግድግዳ በሚመለስ ድምፅ፣ በማሚቶ፣ ማወቅ ዓይን ሲጠፋ ከሰማይ የሚወርድ ካሳ አይደለም፤ የሚለመድ ሙያ ነው፤ ጎበዝም ሰነፍም አለበት። እኔ ለምሳሌ መካከለኛ ነኝ። ዝናብ ሲያካፋ ጣሪያው፣ ዛፉ፣ የቆመው መኪና ሁሉ በየድምፁ ስለሚናገር አካባቢዬ ወለል ይልልኛል፤ ነፋስ ሲበረታ ግን ድምፁ ሁሉ ተደባልቆ አቅጣጫ ይጠፋኛል። ለዓይነ ስውር ገጸ ባሕርይ ጭጋግ ማለት ነፋስ ነው።

ፊት ስለ መዳሰስ አንድ ቃል ብቻ፦ አንዳስስም። አዲስ የተዋወቅነውን ሰው አፍንጫና ከንፈር እየዳበስን «ቆንጆ ነሽ» አንልም። ሰውን በድምፁ፣ በአረማመዱ፣ ከመናገሩ በፊት በሚስበው ትንፋሽ እናውቀዋለን። የአርታዒ ቀይ እስክሪብቶ ለዚህ ትዕይንት ርኅራኄ እንዳታደርግ።

አሁን ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ልምጣ፤ ፋሻው ወደሚፈታበት። ሐኪሙ ጨርቁን ቀስ ብሎ ይጠቀልላል፤ እሷ ዓይኗን ትገልጣለች፤ የሚወዳትን ሰው ፊት አይታ «አንተ ነህ» ትላለች፤ ሁሉም ያለቅሳል። ስትወለድ ጀምሮ ስላላየች ሴት ከሆነ የተጻፈው ይህ ትዕይንት ሐሰት ነው፤ ሐሰትነቱም ከታወቀ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው።

በ1688 አየርላንዳዊው ዊሊያም ሞሊኔው ለፈላስፋው ጆን ሎክ አንድ ጥያቄ ላከ። ሞሊኔው ለእንዲህ ያለ ነገር ባዳ አልነበረም፤ ባለቤቱ ከተጋቡ ብዙም ሳይቆይ ዓይነ ስውር ሆናለች። ጥያቄው ይህ ነው፦ ሲወለድ ጀምሮ ያላየ፣ ኩብንና ድቡልቡል ኳስን በመዳሰስ የሚለይ ሰው ድንገት ዓይኑ ቢበራለት ሳይነካ በማየት ብቻ የትኛው ኩብ፣ የትኛው ኳስ እንደሆነ ሊናገር ይችላል? ሞሊኔው አይችልም ባይ ነበር፤ ሎክም ተስማማ፤ ጥያቄውንም በ1694 በወጣው የመጽሐፉ ሁለተኛ እትም ውስጥ አስገባው።

በ1728 ዊሊያም ቼዝልደን የተባለ የሎንዶን ቀዶ ሐኪም 13 ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ የዓይን ሞራ ከተነሣለት በኋላ ያየውን ጻፈ። ልጁ በመጀመሪያ የሚያየው ነገር ሁሉ ዓይኑን የሚነካው መስሎት ነበር፤ ቆዳውን እንደሚነካው ሁሉ። የትኛው ድመት፣ የትኛው ውሻ እንደሆነ ስለሚረሳ መጠየቅ አፍሮ ድመቷን ያዛት፤ እየዳበሰ ትኩር ብሎ አያት፤ ካስቀመጣትም በኋላ ከእንግዲህ እንደሚያውቃት ነገራት። ሥዕሎች ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ያለ ቀለም ብቻ ሳይሆኑ ጥልቀት ያላቸው አካላት ምስል መሆናቸውን ያስተዋለው ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ነው። ያን ጊዜ ሥዕሉን ዳሰሰው፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ሲያገኘው ከሁለቱ ሕዋሳት የሚዋሸው የትኛው እንደሆነ ጠየቀ፦ መዳሰስ ወይስ ማየት?

የሞሊኔው ጥያቄ በጥብቅ ሙከራ የተፈተነው ግን በ2011 ነው። በህንድ ከ8 እስከ 17 ዓመት ዕድሜ ያላቸው፣ ሲወለዱ ጀምሮ ዕይታ ያልነበራቸውና በቀዶ ሕክምና ዓይናቸው የበራላቸው 5 ልጆች ሕክምናው እንዳለቀ ተፈተኑ። ያዩትን ከሚያዩት፣ የዳሰሱትን ከሚዳስሱት ማመሳሰል አልከበዳቸውም። በእጃቸው የዳሰሱትን ቅርጽ በዓይናቸው እንዲመርጡ ሲጠየቁ ግን በግምት ከመመለስ ብዙም አልተሻሉም። ሞሊኔው ልክ ነበር። ግን ታሪኩ እዚያ አላቆመም፤ በቀናት ውስጥ ተሻሻሉ። ድልድዩ ተሠርቶ አይጠብቅም እንጂ ቶሎ ይሠራል።

በሙያው ጽሑፎች ኤስ. ቢ. ተብሎ የሚታወቀው እንግሊዛዊ ደግሞ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ሆኖ ኖሮ በ52 ዓመቱ፣ በ1958 መጨረሻ፣ የዓይን ብሌን ንቅለ ተከላ ተደረገለት። የመሣሪያ ነገር ይወድ ስለነበር ተመራማሪው ሪቻርድ ግሪጎሪ ወደ ሙዚየም ወስዶ የብረት መቅረጫ ማሽን አሳየው። በመስታወቱ ውስጥ ሆኖ ሲያየው ምኑንም መለየት አልቻለም። መስታወቱ ተከፍቶ እንዲዳስሰው ሲፈቀድለት ዓይኑን ጨፍኖ በእጁ ዳበሰው፤ ወደ ኋላ ብሎ ዓይኑን ገለጠና፣ ከዳሰስኩት በኋላ አሁን ላየው ቻልኩ አለ። ይህ ሰው ከሕክምናው በፊት ንቁና ደስተኛ ነበር። በኋላ ዓለሙ ቆሻሻና የተላላጠ ሆኖ አገኘው፤ ማታ ማታ መብራት ሳያበራ ይቀመጥ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ሞቱን በማየቱ ላይ የሚያላክክ ሰው ይኖራል፤ እኔ ያን ያህል አልደፍርም። ነገር ግን ፋሻው የተፈታ ዕለት ልብ ወለዱ ያልቃል ወይስ ይጀምራል? እኔ ብሆን ያንን ትዕይንት ምዕራፍ ሁለት ላይ አደርገው ነበር።

ሌላው ነገር ምኞት ነው። በልብ ወለዶቻችሁ ውስጥ ያለን ዓይነ ስውራን የምንመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማየት። በ1749 ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴኒ ዲድሮ ስለ ዓይነ ስውራን ባሳተመው ደብዳቤ (ከሌሎች ጽሑፎቹ ጋር ቫንሴን እስር ቤት ያስገባውም ይኸው ነው) ፒዊዞ በምትባል ከተማ ስለሚኖር ዓይነ ስውር ይናገራል። ዓይን ማግኘት ይፈልግ እንደሆነ ሲጠየቅ ሰውየው ረጅም ክንድ ቢኖረኝ እመርጣለሁ አለ፤ እጆቹ በጨረቃ ላይ ያለውን ከዓይናማዎቹ ዓይንና መነጽር የተሻለ ይነግሩት እንደነበር ያምናል። ከሁለት መቶ ሰባ ዓመት በላይ አለፈ፤ አንድ ደራሲ እንኳ ለገጸ ባሕርዩ ረጅም ክንድ ሲያስመኝለት አልገጠመኝም።

«የማታዩትን እንዴት ታስቡታላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይቀርብልኛል፤ ቀለም የምትሉትንም ጭምር። መልሴን በእናንተው ሙያ ልስጥ። በልብ ወለድ ገጽ ላይ የሚታይ ምን አለ? ጥቁር ምልክቶች ብቻ። ፀሐይ ስትጠልቅ የጻፋችሁት አንቀጽ ውስጥ ፀሐይ የለችም። ዓይናማውም እኔም የምንቀበለው ያው ቃል ነው፤ ሁለታችንም ዓለሙን የምንሠራው ከቃል ነው። «ግን እኛ ስናነብ ምስሉ ይመጣልናል» ትሉኝ ይሆናል። ለሁላችሁም አይመጣም። በ1880 እንግሊዛዊው ተመራማሪ ፍራንሲስ ጋልተን ሰዎች የጠዋት ቁርስ ገበታቸውን በምናባቸው እንዲያዩ ጠይቆ ነበር፤ ከመለሱለት ሳይንቲስቶች ብዙዎቹ «በምናብ ማየት» የሚባለው ነገር የአነጋገር ፈሊጥ ብቻ ይመስላቸው እንደነበር አገኘ። በ2015 የነርቭ ሐኪሙ አዳም ዜማንና ባልደረቦቹ ይህን ሁኔታ አፋንታዚያ ብለው ሰየሙት። ጤናማ ዓይን ይዘው፣ በምናባቸው አንድም ምስል የማያዩ ልብ ወለድ አንባቢዎች አሉ፤ ደራስያንም አሉ። ምናብና ምስል አንድ አይደሉም ማለት ነው። የእኔ ምናብ ስፍራ አለው፣ ክብደት አለው፣ ሙቀትና ርቀት አለው። የገለጻችሁትን ክፍል ስገባበት የጣሪያው ከፍታ ይታወቀኛል፤ ካልጻፋችሁት ራሴ እሠራዋለሁ።

ቀለምንም አውቃለሁ። በ1985 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ባርባራ ላንዳውና ላይላ ግላይትማን በዓይነ ስውራን ሕፃናት ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ኬሊ ብለው የጠሯት ትንሽ ልጅ ቀለም በዓይን ብቻ የሚታወቅ የዕቃ ጠባይ መሆኑን፣ ሐሳብ ደግሞ ቀለም ሊኖረው እንደማይችል ተረድታ ነበር። ይህን ያወቀችው ሰዎች ሲነጋገሩ ሰምታ ነው፤ ከእናንተም ብዙዎቻችሁ አቶምን፣ ክፍለ አህጉርን፣ ያለፈውን መቶ ዘመን ያወቃችሁት እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ዓይነ ስውር ገጸ ባሕርይ «ትናንት አየሁት» ሲል አርታዒው እንዳይሰርዝበት። እንደ ማንኛውም ተናጋሪ ነው የምንናገረው። ቀድሞ አንዳንድ የትምህርት ባለሙያዎች ዓይነ ስውራን የቀለምና የብርሃን ቃላት ሲጠቀሙ ባዶ ቃል እንደሚደግሙ ይቆጥሩ ነበር፤ ያ ዘመን አልፏል፤ ልብ ወለዱ ግን ገና አልሰማም።

ስለ ተምሳሌት አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ዓይነ ስውርነትን የድንቁርና ወይም የጭካኔ ምልክት አድርጎ መጻፍ ክልክል ነው የሚል አቋም የለኝም። ፖርቱጋላዊው ደራሲ ጆዜ ሳራማጎ በ1995 አንድ ከተማ ሙሉ ሁሉ ነገር ነጭ ሆኖ በሚታይበት የዓይነ ስውርነት ወረርሽኝ ስትመታ ጽፏል፤ ከዚያ የተሠራው ፊልም በ2008 ሲወጣ የአሜሪካ ብሔራዊ የዓይነ ስውራን ፌዴሬሽን ተቃውሞ አካሂዷል። መጽሐፉ ኃይለኛ ነው፤ ነጩን መምረጡም ብልህነት ነው። የእኔ ቅሬታ ጠባብ ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ከወረርሽኙ በፊት ጀምሮ ዓይነ ስውር የነበረ፣ ብሬል የሚጽፍ፣ ኑሮውን የሚያውቅበት አንድ ሰው አለ፤ እሱም የአንድ የወሮበሎች ቡድን ሒሳብ ያዥ ነው። ሌሎቹ በየመተላለፊያው ሲዳክሩ መንገድ የሚያውቀውን ሰው ከዘራፊዎቹ ጋር አሰለፈው። ክፉ መሆኑ አይደለም የከፋኝ፤ ክፉ ዓይነ ስውር ስጡን፣ ከጠቢቡ ሽማግሌ ይሻለናል። ነገር ግን በዚያች ከተማ ውስጥ በትራቸውን ይዘው እንደ ወትሯቸው ሥራ የሄዱ፣ ጎረቤታቸውን እየመሩ ውኃ ያስቀዱ ዓይነ ስውራን የት ገቡ? ያ ያልተጻፈው ልብ ወለድ ነው፤ ከእናንተ ለሚፈልገው አሳልፌ እሰጣለሁ።

ለአሳታሚዎች የቀረኝ አጭር ነው። ስለ ዓይነ ስውርነት የተጻፈ መጽሐፍ አሳትማችሁ እኔ ላነበው የማልችለው ሆኖ ሲወጣ ምን ልበል? የዓለም ዓይነ ስውራን ኅብረት እንደሚለው ከሚታተሙ ሥራዎች ከመቶ 10 የሚሆኑት እንኳ ለዓይነ ስውራን በሚነበብ መልክ አይገኙም። በ2013 የተፈረመውና ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2016 ጀምሮ የጸናው የማራኬሽ ስምምነት በተቀበሉት አገሮች የተፈቀደላቸው ተቋማት የደራሲውን ፈቃድ ሳይጠይቁ በብሬል፣ በድምፅና በዲጂታል መልክ እንዲያዘጋጁልን በር ከፍቷል። ቢሆንም መጽሐፉን ከመነሻው ኢፓብ በሚባለው የዲጂታል መጽሐፍ ፋይል ብታወጡት ማንም ያንን ድካም አይደክምም። ገጹን ፎቶ አንሥታችሁ ፒዲኤፍ ብላችሁ አትላኩልን፤ ስክሪን ሪደር (ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብልን ሶፍትዌር) በሥዕል ላይ ያለን ፊደል እንደ ተራ ጽሑፍ በቀጥታ አያነብም። የምዕራፍ ርእሶችን በርእስነት ምልክት አድርጉባቸው። ሽፋኑን በሁለት ዓረፍተ ነገር ግለጹልኝ፤ ሰዎች ስለ ሽፋኑ ሲከራከሩ እኔም ልከራከር። እትሙም ከወረቀቱ ጋር በአንድ ቀን ይውጣ።

ለአርታዕያንም፦ የፖሊስ ልብ ወለድ ስታዘጋጁ የፖሊስ ሥራ የሚያውቅ ሰው ታስነብባላችሁ። ለዓይነ ስውሩም ረቂቅ ዓይነ ስውር አንባቢ ፈልጉ፤ ከአንድ በላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ሲወለድ ጀምሮ የማያይና በኋላ ዕይታውን ያጣ ሰው በብዙ ነገር አይስማሙም፤ አለመስማማታቸውም ይጠቅማችኋል። ሥራ ነውና ክፈሏቸው። ረቂቁ ከማለቁ በፊት አሳዩአቸው፤ ካለቀ በኋላ የሚመጣ አስተያየት አንዲት ቃል ቀይሮ ከመመለስ አያልፍም።

ረቂቁን ይዘህ ለተቀመጥከው፣ ወይም ለተቀመጥሽው፦ ዝናብ የሚጥልበት ምዕራፍ ካለ በዚያ ጀምሩ። ስትጨርሱ በሚነበብ ፋይል ላኩልኝ፤ እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ፤ ያልጣመኝንም ሳልሸሽግ እጽፍላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤

አንድ ዓይነ ስውር አንባቢ